አባ ደቂቃ የፈለጋቸው አርባ ደቂቃዎች

«እማማ፣ ካፒቴኑ ቶሎ ይምጡ ብለውዎታል» አለ ወጥ ቤቱ፣ በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፤ እጁ ላይ ዱቄት አለ። «አባ ደቂቃ ታች ወድቆ ተገኘ። ትንፋሽ የለውም።»

መርማሪዋ የያዘችውን መጽሐፍ ዘግታ ተነሣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቶሎ ይምጡ» ሲሏት የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ሬሳ የሚባል ነገር ደግሜ አላይም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። በዚህች የጭነት መርከብ ላይ የተሳፈረችውም ታናሽ ወንድሟ፣ የመርከቧ ምክትል ካፒቴን፣ «እትዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ወንጀለኛ ስታይ ኖርሽ፤ አንድ ወር ደግሞ ባሕር እይ» ብሎ ጨቅጭቆ ስላሳመናት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ እሷ ሃያ ሁለት። አባትም እናትም ሆና አሳደገችው። ከእኩዮቿ እኩል ሳትለብስ እሱን አስተምራ ለዚህ አበቃችው። ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶት፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ጥብጣብ ደርድሮም እሷ የምትጠራው «ማሙሽ» እያለች ነው። መርከበኞቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

አባ ደቂቃ የተገኘው በመርከቧ ጅራት፣ መሪውን የሚያዞሩት ሞተሮች ባሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የመርከቧን ሰዓቶች የሚጠብቅ መኮንን ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በረጅም የባሕር ጉዞ ሰዓት ባለበት አይረጋም። መርከቧ ወደ ምዕራብ በገፋች ቁጥር ፀሐይ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትመጣለች፤ ስለዚህ በየሦስት ቀኑ የመርከቧ ሰዓቶች ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አባ ደቂቃ ምሳ ሲያበቃ በድምፅ ማጉያው «ሰባት ሰዓት የነበረው አሁን ስድስት ሰዓት ነው» ብሎ ያውጃል። መርከበኞቹ ያቺን ትርፍ ሰዓት «ምራቂ» ይሏታል። የማይነካ አንድ ሰዓት ብቻ አለ፤ ክዳኑ መስታወት በሆነ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሁልጊዜ የተነሡበትን ወደብ ሰዓት የሚቆጥር። «እሱ ከተዛባ የት እንዳለን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው» ይል ነበር ሟቹ።

በዚያም ቀን ምራቂ ሰዓት ነበረች። አባ ደቂቃ አውጆ፣ ሰዓቶቹን መልሶ፣ ከዚያ ሞተ።

«ከመሰላሉ ወድቆ ይመስለኛል» አሉ ካፒቴኑ። ሽበታም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። «ግን እርስዎ ይዩልኝ ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። አስከሬኑ በግንባሩ ተደፍቷል፤ አናቱ ላይ በስተኋላ አንድ ጥልቅ ቁስል አለ። መሰላሉ ሦስት እርምጃ ይርቃል። ከአስከሬኑ በላይ ግድግዳው ላይ የክፍሉ ሰዓት ተሰቅሏል። ሟቹ መነጽሩን እንዳደረገ ነው፤ ቀኝ እጁ አጭር እርሳስ ጨብጧል።

«ከመሰላል የሚወድቅ ሰው የሚይዘው ብረቱን ነው፤ እርሳስ አይደለም» አለች። «ይህ ሰው ቆሞ ሰዓቱን እያየ ሲጽፍ ነው ከኋላው የተመታው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የብሎን መፍቻዎች ተራ በተራ አየቻቸው። ሁሉም አቧራና ዘይት ለብሰዋል። ትልቁ ብቻ እንደ ማዕድ ሹካ ጠርቷል።

ካፒቴኑ ፊታቸው ጠቆረ። «ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ነው።»

መርከቧ ላይ የነበሩት ከእሷ ሌላ፣ ሟቹን ጨምሮ፣ አሥራ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰዓቱን ማወቅ አልከበደም። አባ ደቂቃ እንደ ልማዱ የታችኛውን ሰዓት ከላይኛው ጋር ለማስተያየት ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ለካፒቴኑ ደውሎ ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መካኒኩና ወጥ ቤቱ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ሳለ ከታች «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰሙ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት፤ ስምንት ከአሥር» አለ መካኒኩ። «ማዕበሉ ሣጥን ጥሎ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምን ላውቅ ኖሯል?»

ካፒቴኑ በዚያን ሰዓት ከመሪ ያዡ ጋር ላይ ነበሩ። ስድስት መርከበኞች በመርከቧ አፍንጫ በኩል እርስ በርስ እየተያዩ ቀለም ይቀቡ ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ምክትሉ፣ እንዲሁም ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «ዝምተኛው» የሚሉት ረጅም መርከበኛ።

«ማሙሽ ከእኔ ጋር ነበር» አለች መርማሪዋ ወዲያው። «ምሳ በልቼ፣ ሰዓቴን እንደ ሁላችሁም መልሼ፣ ኪኒኔን ውጬ ተኛሁ። ሻይ ይዞ መጥቶ ሲቀሰቅሰኝ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ስምንት ይላል። ከዚያ እስከ አሥር፣ ተራው ደርሶ እስኪወጣ ድረስ፣ ዳማ ስንጫወት ነበር።»

አንድ ነገር ግን አልተናገረችም። ጨዋታው መሐል አንቀላፍታለች። ማሙሽ አንዱን ጠጠር ለማንቀሳቀስ ሲያስብ አንገቷን ደገፍ አድርጋ ዓይኗን ከደነች፤ ስትከፍት እሱ እየሳቀ «እትዬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሽ እኮ! አሥር ሊሆን ነው» አላት። ሰዓቷን ብታይ እውነት ነው። ያፈረችው ማፈር! ሠላሳ ዓመት በሰው ደጅ ሌሊቱን ቆማ ስታነጋ ያላንቀላፋች ሴት፣ ዳማ ላይ እንደ አሮጊት። ደግሞ ያንቀላፋችው ዘጠኝ ሊሆን ሲል ነው፤ ግድያው ስምንት ከአሥር። ምን ያደርጋል ብላ ተወችው።

ዝምተኛው የት እንደነበር ሲጠየቅ «አልጋዬ ላይ» አለ። ያየው ሰው የለም። ወጥ ቤቱ ደግሞ በዋዜማው ከአባ ደቂቃ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቶታል። የገመድ ማስቀመጫው ውስጥ ቆለፉበት። ወደብ ለመድረስ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ለፖሊስ ሊያስረክቡት።

«ተገላገልን» አለ ማሙሽ፣ እህቱን ትከሻዋን አቅፎ። «አይዞሽ እትዬ። ደክሞሻል፤ ሂጂና ዕረፊ።»

መርማሪዋ ግን በማግስቱ ጠዋት የገመድ ክፍሉን አስከፈተች።

«ከሟቹ ጋር ምን አጣላህ?»

የገመድ ጫፍ ይዞ መፍተል ጀመረ።

«ልጅ አለህ?»

«ሁለት።»

«ነገ ተነገ ወዲያ ለፖሊስ ሲሰጡህ ለእነሱ ማን ይነግርልሃል? እኔ ነኝ?»

ረጅሙ ሰውዬ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት አየ። «አልተጣላንም» አለ በመጨረሻ። «ተናገር እያለ ይለምነኝ ነበር።»

«ምኑን?»

ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት አላማራትም፤ የሚያዝንላት ይመስል ነበር። «ለእርስዎ መናገር አይሆንልኝም እማማ» አለና ፊቱን ወደ ገመዱ አዞረ።

ከዚያ የሟቹን ክፍል ከፈተች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ በየቀኑ የማይነካውን ሰዓት እያየ የሚሞላው ደብተር አለ፤ ፍጥነት፣ ርቀት፣ ደቂቃ፣ ሁሉም በደቃቅ ጽሕፈት። ቀኖቹን ቆጠረች። የአራተኛው ቀን ገጽ ተቀዷል።

ይኼኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከግድያው በፊት በነበረው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ አባ ደቂቃ ማንኪያውን አስቀምጦ «ከዚህች መርከብ አርባ ደቂቃ ጠፍቶብኛል፤ እየፈለግኩት ነው» ብሎ ነበር። ሁሉም ሳቁ። ወጥ ቤቱ «ሾርባው ውስጥ ፈልገው» አለው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማሙሽ ነበር።

መካኒኩን ሞተሩ አጠገብ አገኘችው። በጩኸቱ ምክንያት ጆሮው ሥር ተጠግታ ጠየቀችው።

«በአራተኛው ቀን ሞተሩን ያቆምክበት ጊዜ አለ?»

«አቁሜስ አላቆምኩም። ጎህ ሲቀድ ግን ከላይ ተደውሎ ቀስ አድርገው ተባልኩ። ጉም ነው አሉኝ። አርባ ደቂቃ ያህል እንደ ኤሊ ስናዘግም ቆየን።»

«ማን ነው የደወለልህ?»

«ምክትሉ ነዋ! የጎህ ተራ የእሱ አይደል?»

ካፒቴኑ የጉዞውን መዝገብ ሰጧት። በአራተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በማሙሽ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተብሏል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፍጥነት ሙሉ፣ የተለየ ነገር የለም። አብሮት የቆመው ጠባቂ ዝምተኛው ነበር።

መርማሪዋ መዝገቡን ዘጋች። ጽሕፈቱን ያስተማረችው እሷ ናት፤ እጁን በእጇ ይዛ። ጉም ካለ ሰማዩ ጥርት አይልም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ቢሆንም ማሙሽ መዝገብ አበላሸ ማለት ሰው ገደለ ማለት አይደለም። ስምንት ከአሥር ላይ ከእሷ ጋር ነበር። ራሷ በዓይኗ ሰዓቷን አይታለች። ይህን አጥብቃ ያዘች፤ የሚሰምጥ ሰው እንጨት እንደሚይዝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሷን ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል አድርጋ መረመረች። ሰዓቷ የአባቷ ነው፤ ውሃ ስለማይወድ ስትተኛም ስትታጠብም አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። የክፍሏ የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ዓመታት አልፎታል። ስትነቃ ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚነግራት ነገር አልነበረም፤ ከዚያ የእጅ ሰዓት በቀር። ሲጫወቱ ቆይተውም እጇን ልትታጠብ ተነሥታ ነበር። ሰዓቱን ትታው ሄዳ፣ ተመልሳ አሠረችው። ከዚያ ዓይኗን ከደነች።

ዓይኗን ከመክደኗ በፊት ግን ሁለተኛውን ሻይ ከፔርሙሱ ቀድታለች። «አንድ ሰዓት ተኛሽ» ስትባል፣ ኀፍረቷን ለመደበቅ ብርጭቆውን አንሥታ ፉት ስትል ከንፈሯን ለብልቧታል።

ሰዓቷን ከእጇ ፈታ መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የዳማ ሰሌዳው እንደ ትናንቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። በክቡ መስኮት የገባችው ፀሐይ እንደ ነጭ ጥብጣብ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ትናንት፣ ማሙሽ ቀስቅሷት ሰዓቷ ስምንት ሲል፣ ያቺ ጥብጣብ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ዓይኗን ስለወጋት ወንበሯን አዙራለች። መርከቧ አቅጣጫዋን አልለወጠችም። ፀሐይ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ትዘገያለች። ስለዚህ ዛሬ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ጠርዙ ላይ መሆን አለባት።

ስምንት ከሃያ ሆነ። ጥብጣቧ በሩ ሥር ናት።

በሩ ተንኳኳ። ማሙሽ ፔርሙስ ይዞ ብቅ አለ። «ዳማ አንጫወትም? ትናንት እኮ አሸንፌሽ ነበር።»

«ራሴን አሞኛል። ሂድ።»

«ሻዩን ልተውልሽ?»

«ውሰደው።»

ትንሽ አመነታ። ግንባሯን በመዳፉ ዳሰሳት፤ ትኩሳት እንዳለባት ለማየት፤ ልጅ ሳለ እሷ ታደርግለት እንደነበረው። ከዚያ ወጣ። መርማሪዋ አልተንቀሳቀሰችም። የፀሐይዋ ጥብጣብ ስንዝር በስንዝር ወለሉን አቋርጣ፣ የጠረጴዛውን እግር ወጥታ፣ የሰሌዳውን ጠርዝ ስትነካ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ከሃያ።

አንድ ሰዓት። እንቅልፏ ላይ ሳለች ከሕይወቷ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ለሌላ ሰው መሸሸጊያ ተሰጥቷል። ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ አጭር ልቅሶ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ካፒቴኑ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመሪ ያዡ በቀር ሁሉም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዝምተኛውም መጣ። ማሙሽ በሩ አጠገብ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«ትናንት የተሳሳተ ቃል የሰጠ ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። «እኔ ነኝ።»

ወጥ ቤቱ «ኧረ እማማ!» አለ።

«ዳማ ስጫወት እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አፍሬ ደበቅኳችሁ። ዛሬ ስመረምረው ደግሞ ለካ አንድ ሰዓት አልተኛሁም። ዓይኔን ከመክደኔ በፊት የቀዳሁት ሻይ ስከፍት ያቃጥል ነበር። ስከድን የማሙሽ ጠጠሮች ላይ የነበረችው ፀሐይ ስከፍትም እዚያው ነበረች። አንድ ሰዓት ቢያልፍ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይም አትጠብቅም። የከደንኩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ታዲያ ሰዓቴ እንዴት ከዘጠኝ ወደ አሥር ዘለለ?»

ወጥ ቤቱ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ።

«እጄን ልታጠብ ስሄድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለተገፋ ነው። የተገፋውም ቀድሞ፣ ተኝቼ ሳለሁ፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ ነው። ስምንት ሰዓት ብዬ የማልኩት ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዛሬ ፀሐይዋን ቁጭ ብዬ ጠብቄ አረጋግጫለሁ፤ ካፒቴኑም ሒሳቡን አይተውታል። ስለዚህ ስምንት ከአሥር ላይ ከእኔ ጋር ማንም አልነበረም። ተኝቼ ነበር።»

«እትዬ» አለ ማሙሽ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ትናንት ምራቂ ነበረች። እኔም አንቺም ሰዓቱን መልሰነው ይሆናላ! ስንቱ ይሳሳታል።»

«ይህን እንደምትል አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያን ቀን የመረጥከው። ከተሳሳትን ግን ማን አስተካከለው? ክፍሌ የገባኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ? ወዳጄ ነበር!»

«ለአርባ ደቂቃ» አለች። ወደ መካኒኩ ዞረች። «በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ምን ተባልክ?»

«ጉም ነው፣ ቀስ በል» አለ መካኒኩ፤ ድምፁ ወረደ።

«መዝገቡ ግን ሰማዩ ጥርት፣ ፍጥነቱ ሙሉ ይላል። አባ ደቂቃ ርቀቱን በማይነካው ሰዓት ሲያሰላው አርባ ደቂቃ ጎደለው። ሰውዬው ደግሞ ደቂቃ ጠፍቶበት የሚተኛ አልነበረም። ጠየቀህ። ምናልባትም ‹አንተው ራስህ ለካፒቴኑ ንገር› ብሎ ጊዜ ሰጠህ። ገጹ የተቀደደው ለዚህ ነው። በዚያ አርባ ደቂቃ ምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም። የሚያውቁት ሁለት ናቸው።»

ዝምተኛውን አየችው። ረጅሙ ሰውዬ ተነሣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሙሉ ድምፁን ሰሙ።

«ጀልባ ገጨን» አለ። «ትንሽ የዓሣ ጀልባ። እሱ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ስጮህ ነው የነቃው። ፍጥነቱን ቀንሶ በመብራት ፈለግን። ሁለት ሰዎች ውሃው ላይ ነበሩ። ይጣሩ ነበር። ጀልባ እናውርድ ብዬ ለመንኩት። ‹ካወረድን መመዝገብ አለብን› አለኝ። ከዚያ... ድምፁ ጠፋ። ብትናገር እንቅልፍ የወሰደው አንተን ነው እላለሁ አለኝ። እኔን ማን ያምነኛል?»

ካፒቴኑ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «በሚቀጥለው ጉዞ ይህችን መርከብ ላንተ ላስረክብ ነበር» አሉ ማሙሽን። «ደብዳቤውን ፈርሜያለሁ።»

ማሙሽ የሚያየው እህቱን ብቻ ነበር። ትከሻው ላይ ያለው ወርቅ ሁሉ ረግፎ የአራት ዓመቱ ልጅ ብቻ የቀረ መሰለ። «ሃያ ዓመት ለፍቻለሁ እትዬ። ለአንዲት ጎህ፣ ለአንዲት እንቅልፍ ስል ሁሉ ሊጠፋ ነው? ለካፒቴኑ እስክነግር ሦስት ቀን ሰጠኝ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ደቂቃዎቹን ልደብቅ እችላለሁ፤ ሰዎቹን ግን አልችልም› አለኝ።»

ካፒቴኑ ምልክት ሰጡ። ሁለት መርከበኞች ይዘውት ወጡ። ያደረው ዝምተኛው በነበረበት የገመድ ክፍል ውስጥ ነው። ካፒቴኑ በሬዲዮ ጀልባዋ የጠፋችበትን ቦታ አስተላለፉ፤ አሥር ቀን ዘግይቶ።

ወደብ በገቡበት ጠዋት መርማሪዋ የገመድ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ፖሊሶቹ መሰላሉን እየወጡ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታለች፤ ስንት እናት፣ ስንት ሚስት ፊቷ ተቀምጣ ይህንኑ ስትል በእስክሪብቶ መዝግባ አልፋለች።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው በበሩ ቀዳዳ። «ከሁሉ ሰው ለምን እኔን?»

ወደ ቀዳዳው ተጠጋ። «ያንቺን ቃል የሚጠራጠር ስለሌለ» አለ። «አንቺም ብትሆኚ እኔን ስለማትጠራጠሪ።»

ፊቷን ወደ መሰላሉ አዞረች።

«እትዬ... ትንሽ እንኳ ብትወጂኝ ኖሮ ትዋሺልኝ ነበር።»

«ዋሽቼልሃለሁ እኮ፣ ማሙሽ» አለች። «ካፒቴኑ ፊት ቆሜ፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ። ያውም ሳላውቀው። ያውም በሙሉ ልቤ።»

ፖሊሶቹ ደረሱ። አንዱ ወጣት መኮንን ወረቀቱን አውጥቶ «እርስዎ ለተጠርጣሪው ምኑ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። ከበሩ ጀርባ ማሙሽ እስትንፋሱን ይዞ ሲያዳምጥ ይሰማታል።

«ምስክር» አለች፤ እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች።